ከድሬ ስትነሱ አንድ ሞተር ቢጠፋ፦ በቤት ሲሙሌተር ለሚያበሩ የአሠራር መመሪያ

«ጋሼ፣ ሞተሩ ሲጠፋ አውሮፕላኑ ይገለበጥብኛል። ምን ላድርግ?»

ይህቺ ጥያቄ በየሳምንቱ ትደርሰኛለች። አንዴ ከሳቢያን፣ አንዴ ከገንደ ቆሬ፣ ሰሞኑን ደግሞ ሐረር ካሉ ተማሪዎች። ታሪኩ ሁሌ አንድ ነው። ከድሬዳዋ ይነሳሉ፣ ግራ ሞተር ይጠፋል፣ አውሮፕላኑ ወደ ግራ ያዘነብላል፣ እነሱ በእጃቸው ወደ ቀኝ ይታገላሉ። ከዚያ ስክሪኑ ላይ አቧራ ብቻ። «እግራችሁስ ምን እየሠራ ነበር?» ስላቸው ዝም ይላሉ።

እንግዲህ አንዴ ልጻፈውና ለሚጠይቀኝ ሁሉ ይህንኑ ልላክ። የምጠቀመው ቦይንግ 737-800 ነው። ኤክስ-ፕሌን 12 ከሚባለው የሲሙሌተር ፕሮግራም ጋር አብሮ ስለሚመጣ ሌላ ነገር መግዛት አያስፈልግም።

ማስጠንቀቂያ፦ ይህ የቤት ልምምድ ነው። እውነተኛ አብራሪ የሚሄደው በድርጅቱ ማኑዋልና በዕለቱ በተሰላ ቁጥር ነው። እዚህ አንብባችሁ የአዲስ አበባ በረራ ላይ ለጎረቤት ተሳፋሪ ትንታኔ እንዳትሰጡ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ፔዳል። ዋናው ዕቃ ይሄ ነው። ከሌላችሁ እጀታው ግራና ቀኝ የሚጠመዘዝ ጆይስቲክ ይበቃል። በኪቦርድ ብቻ ግን አትድከሙ። ቁልፍ ወይ ምንም አይሰጥም ወይ ሁሉንም ይሰጣል፤ እኛ የምንፈልገው መሐሉን ነው። የኔን ፔዳል የሠራልኝ አናጢ ነው። ሁለት ጣውላ፣ አራት የበር ማጠፊያ፣ ከአሮጌ ሬዲዮ የወጣ የድምፅ መጨመሪያ፣ ከተበላሸ ጌም ፓድ የተፈታ ሰርኪዩት። ሲሚንቶ ወለል ላይ ስትረግጡት ይሸሻል። ከፊቱ ግድግዳ አስደግፉት።
- ዩፒኤስ። መብራት የሚሄደው ሁልጊዜ ልክ ስትነሱ ነው።
- ወረቀትና እስክሪብቶ፣ ፍጥነቶቹን ለመጻፍ።
- አንድ ጓደኛ። ረዳት አብራሪ ይሆናል፤ ሞተሩን የሚያጠፋባችሁም እሱ ነው።
- ቬንትሌተር። ይህ ለአብራሪው ነው፣ ለኮምፒውተሩም ቢደርሰው አይጠላም።

መጀመሪያ የድሬን አየር አስተካክሉ

ብዙዎቻችሁ ሙቀቱን 15 ዲግሪ ላይ ትታችሁ ትነሳላችሁ። 15 ዲግሪ የድሬ ቀትር ነው እንዴ፣ አቦ! 35 አድርጉት።

ምክንያቱ ይህ ነው። የድሬዳዋ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 3,827 ጫማ ላይ ነው። በመደበኛው ስሌት በዚህ ከፍታ ሙቀቱ 7 ዲግሪ ገደማ መሆን ነበረበት። በ35 ዲግሪ አየሩ ስለሚሳሳ አውሮፕላኑ 7,000 ጫማ አካባቢ የቆመ ያህል ይሰማዋል። የቦሌ ከፍታ 7,625 ጫማ መሆኑን አስታውሱ። ክንፉም ሞተሩም የሚይዙት አየር ያንሳቸዋል። በሁለት ሞተር ይህ ብዙም አይታወቅም። በአንድ ሞተር ግን ሁሉ ነገር ይታወቃል።

ሌላ ወጥመድ አለ። መሬት ላይ እያላችሁ የከፍታ መለኪያው 3,800 አካባቢ ያነባል፣ ዜሮ አይደለም። ከታች «400 ጫማ» ስላችሁ ከመሬት በላይ ማለቴ ነው፤ መለኪያው ላይ 4,230 ገደማ ማለት ነው። «1,000 ጫማ» ደግሞ 4,830 ገደማ። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ወረቀቱ ላይ ጻፏቸው። አንድ ልጅ «400 እኮ ካለፍኩ ቆየሁ» ብሎ ገና ጎማው ከመሬት ሳይላቀቅ ስሮትል (የሞተር ኃይል መቆጣጠሪያውን) ሲዘጋ በዓይኔ አይቻለሁ።

ክብደቱን 60 ቶን፣ ፍላፑን (ክንፉ በዝቅተኛ ፍጥነት እንዲያነሳ የሚወጣውን የክንፍ ተቀጥላ) 5፣ ነፋሱን ዜሮ አድርጉ። ለመጀመሪያ ልምምድ በመንደርደሪያው 33 አቅጣጫ ተነሱ። 33 ወደ ሰሜን ምዕራብ፣ ወደ ቆላው ያያል፤ ቀስ ብላችሁ ብትወጡም ፊታችሁ ተራራ አይደነቀርም። 15ን በመጨረሻ እንመጣበታለን።

ሦስት ፍጥነቶችን ጻፉ። የአውሮፕላኑ ኮምፒውተር ካላሰላላችሁ ከአውሮፕላኑ መመሪያ ፈልጓቸው። ቪ-1 ለማቆም መወሰን የሚቻልበት የመጨረሻው ፍጥነት ነው። ቪ-አር አፍንጫውን የምታነሱበት ነው። ቪ-2 በአንድ ሞተር እየወጣችሁ ከሱ በታች መውረድ የሌለባችሁ ፍጥነት ነው።

ደረጃዎቹ

1. ከመነሳታችሁ በፊት ጮክ ብላችሁ ተናገሩ።

«ከቪ-1 በፊት ከሆነ አቆማለሁ። ከቪ-1 በኋላ ከሆነ እበራለሁ። እስከ 400 ጫማ ከጎማ በስተቀር ምንም አንነካም።» ጓደኛችሁ ይስማ። አስቂኝ ሊመስላችሁ ይችላል። ግን ሞተሩ ሲጠፋ አእምሮ የሚያገኘው ቅርብ ጊዜ የተናገረውን ነው።

2. ጓደኛችሁ ብልሽቱን ያዘጋጅ።

ኤክስ-ፕሌን በፍጥነት ወይም በከፍታ የሚነሳ የሞተር ብልሽት መምረጫ አለው። ቪ-1 ላይ 5 ኖት (የአውሮፕላን ፍጥነት መለኪያ) ጨምሮ ያስቀምጠው። የትኛው ሞተር እንደሆነ አይንገራችሁ።

3. ከቪ-1 በፊት ከጠፋ አቁሙ።

ስሮትል ዝጉ፣ ፍሬን ያዙ፣ የክንፍ ላይ ስፖይለር መከፈቱን እዩ። እስከ 80 ኖት ለትንሽ ችግርም ማቆም ይቻላል። ከ80 በኋላ ግን ለሞተር መጥፋት፣ ለእሳት፣ ለአደገኛ የነፋስ መቀያየር፣ ወይም አውሮፕላኑ መብረር የማይችል ሲመስል ብቻ ነው። ፍጥነት ሲጨምር የማቆሚያው ርቀት በእጥፍና ከዚያ በላይ ስለሚያድግ ነው።

ቪ-1 ሲባል እጃችሁን ከስሮትል ላይ አንሱ። እውነተኛ ካፒቴኖችም እንደዚሁ ያደርጋሉ። እጅ እዚያው ከቆየ ይፈተናል።

4. እግር!

ሁሉም የሚወድቀው እዚህ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

የቆመ ባጃጅ ሁለት ሰው ከኋላ ሲገፋ አስቡ። ግራ ያለው ሰውዬ ደክሞት ቢለቅ ባጃጁ ወዴት ይዞራል? ወደ ግራ። ቀኙ እየገፋ ስለሆነ። አውሮፕላንም እንዲሁ ነው። ግራ ሞተር ሲጠፋ አፍንጫው ወደ ግራ ይዞራል። አፍንጫው ሲዞር ቀኝ ክንፍ ቀድሞ ስለሚሄድ ተጨማሪ ማንሳት ያገኛል፤ ግራው ይወርዳል። እናንተ የምታዩት መውረዱን ነው። በሽታው ግን መዞሩ ነው። መሪውን ወደ ቀኝ ማጠማዘዝ ምልክቱን ያክማል፣ በሽታውን ትቶ።

ስለዚህ አፍንጫው ከሚሸሽበት በተቃራኒ ያለውን ፔዳል ርገጡ። ወደ ግራ ከሸሸ ቀኝ እግር። አንዴ ብቻ አትምቱት፤ አፍንጫው መዞር እስኪያቆም ድረስ ጨምራችሁ ያዙት። መሬት ላይ ከሆናችሁ መሐል መስመሩን እዩ፣ ዓይናችሁን ወደ መለኪያ አትመልሱ።

በቂ እንደረገጣችሁ በምን ታውቃላችሁ? ክንፉ ቀጥ ብሎ እጃችሁ ላይ ያለው መሪም ቀጥ ካለ ልክ ናችሁ። መሪው ወደ ቀኝ ተጣሞ ከቆየ ቀኝ እግር ይጨመር። መሪው ወደ ጣመመበት እግር ጨምሩ፣ በቃ። ይህ የሚጠቅመው ለማማር አይደለም። 737 ላይ መሪውን ብዙ ስታጣምሙ የክንፉ ስፖይለር ብቅ ይላል። ስፖይለር አየር ይገታል። በአንድ ሞተር እየታገላችሁ በገዛ እጃችሁ ፍሬን ያዛችሁ ማለት ነው።

የትኛው ሞተር እንደጠፋም እግራችሁ ይነግራችኋል። ሥራ የፈታው እግር ያለበት ጎን፣ ሥራ የፈታው ሞተር ያለበት ጎን ነው።

5. አፍንጫውን ቀስ ብላችሁ አንሱ።

ቪ-አር ላይ ከተለመደው ትንሽ በዘገየ ፍጥነት አንሱ። በሁለት ሞተር ወደ 15 ዲግሪ ትሄዱ ነበር። አሁን 12 ወይም 13 ላይ ቁሙ። ከዚያ ፍጥነቱን እዩ፤ ከቪ-2 በታች ከወረደ አፍንጫውን ትንሽ ዝቅ አድርጉ። በድሬ ሙቀት ከ12ም ሊያንስ ይችላል። መሬቱ ቅርብ መስሎ ሲያስፈራችሁ መሳብ ያምራችኋል። አትሳቡ። ብትስቡ ፍጥነት ይወርዳል፤ ፍጥነት ሲወርድ ራደሩ (በፔዳል የሚንቀሳቀሰው የጅራት ክፍል) ላይ የሚነፍሰው አየር ስለሚቀንስ እግራችሁ ጉልበት ያጣል። ያኔ ነው የሚገለበጠው።

ጎማው ከመሬት ሲላቀቅ ተጨማሪ እግር ይፈልጋል። መሬት ላይ ጎማዎቹ ያግዟችሁ ነበር።

6. መውጣታችሁን ስታረጋግጡ ጎማ አስገቡ።

ጓደኛችሁ የከፍታ መለኪያው ሲጨምር አይቶ «እየወጣን ነው» ይበል። እናንተ «ጎማ» በሉ። የተንጠለጠለ ጎማ ከፍተኛ የአየር ግጭት አለው።

7. እስከ 400 ጫማ ምንም አትንኩ።

እዚህ ጋ ትዕግሥት ያልቃል። ባለሁለት ሞተር የመንገደኛ አውሮፕላን ጎማው ከገባ በኋላ በአንድ ሞተር የመውጣት ግዴታው ቢያንስ 2.4 በመቶ ነው። 100 ሜትር ወደፊት ሲሄድ 2.4 ሜትር ወደ ላይ ማለት ነው። በ150 ኖት ስታሰሉት በደቂቃ 365 ጫማ ገደማ ይመጣል። እንግዲህ ሞልቶ በተጫነና በሞቃት ቀን 400 ጫማ ለመድረስ አንድ ደቂቃ ሊፈጅ ነው። ደወል እየጮኸ፣ ቀይ መብራት እየበራ አንድ ደቂቃ! ደወሉን ዝም አሰኙት፤ መብራቱን ሲጫኑት ይጠፋል። ከዚያ ማብረር ብቻ። ፍጥነት፣ አፍንጫ፣ እግር።

ለምን 400? ከዚያ በታች የሚሠራ ስሕተት ለማረም ከፍታ የለም። ጠፍቶ የቆመ ሞተር ደግሞ አንድ ደቂቃ ቢጠብቅ ከዚያ የባሰ አይጠፋም።

8. ምን እንደሆነ ለዩ።

ከ400 ጫማ በላይ፣ አውሮፕላኑ በእጃችሁ ከተረጋጋ በኋላ የሞተር መለኪያዎቹን እዩ።

የሁለቱም ዘንጎች ዙርና የጭስ ማውጫው ሙቀት አብረው ቀስ ብለው ከወረዱ ሞተሩ ጠፍቷል፣ በቃ። የሚያስቸኩል ነገር የለም፤ ፍላፕ ከገባ በኋላ ቼክሊስቱን ታነባላችሁ።

ቡም ቡም የሚል ድምፅ፣ ከኋላ ብልጭ የሚል ነበልባል፣ የሚዋዥቅ ሙቀት ካለ አየር አወሳሰዱ ተዛብቷል። አውቶ-ስሮትሉን (ስሮትሉን በራሱ የሚያንቀሳቅሰውን) አጥፉና የዚያን ሞተር ስሮትል መለኪያው እስኪረጋጋ ድረስ ቀስ እያላችሁ መልሱ።

የእሳት መብራት ከበራ፣ ወይም ዙሩ ዜሮ ሆኖ ከባድ ንዝረት ካለ ደረጃ 9።

9. እሳት ወይም ከባድ ጉዳት ከሆነ።

እነዚህን በቃል ማወቅ አለባችሁ።

ሀ. አውቶ-ስሮትል አጥፉ።
ለ. የዚያን ሞተር ስሮትል ዝጉ።
ሐ. የነዳጅ መቁረጫውን ማንሻ ዝቅ አድርጉ።
መ. የእሳት መያዣውን ሳቡ።
ሠ. መብራቱ ካልጠፋ መያዣውን እስከ መጨረሻው አዙሩና አንድ ሰከንድ ያዙት። ከ30 ሰከንድ በኋላም ካልጠፋ ወደ ሌላው ጎን አዙሩ፤ ሁለተኛው የማጥፊያ ጠርሙስ ይለቃል።

ከ«ለ» እስከ «መ» እያንዳንዱን ከመንካታችሁ በፊት ጣታችሁን አስቀምጡና «ግራ ስሮትል» በሉ። ጓደኛችሁ አይቶ «ግራ፣ ትክክል» ይበል። ከዚያ ብቻ ይነካል። እ.ኤ.አ. በ2015 ታይፔ ላይ አንድ ኤቲአር 72 ቀኝ ሞተሩ ኃይል ሲያጣ፣ አብራሪዎቹ ደህናውን ግራ ሞተር አጠፉ። 43 ሰው ሞተ። የሰለጠኑ ሰዎች ነበሩ።

10. በ1,000 ጫማ አፍንጫ ዝቅ፣ ፍጥነት ከፍ፣ ፍላፕ ቀስ በቀስ ወደ ውስጥ።

መጀመሪያ ፍጥነት፣ ከዚያ ፍላፕ። ፍላፕ ሲገባ ክንፉ በዝቅተኛ ፍጥነት የሚያነሳው ይቀንሳል፤ ስለዚህ ለእያንዳንዱ ደረጃ የተጻፈውን ፍጥነት ጠብቁ። ፍላፑ ሙሉ ከገባ በኋላ የሚሠራውን ሞተር ከመነሻ ኃይል ወደ ዘላቂው ከፍተኛ ኃይል መልሱት። የመነሻ ኃይል በመደበኛው 5 ደቂቃ ነው የሚፈቀደው። ስሮትል በነካችሁ ቁጥር እግር ይለወጣል፤ ኃይል ሲቀንስ የተረገጠውም ይቀንስ። አሁን የራደር ትሪም (ራደሩን በእግር ፈንታ የሚይዝላችሁን ማስተካከያ) አዙራችሁ እግራችሁን ማሳረፍ ትችላላችሁ። እኔ እዚህ ጋ ነው ሁልጊዜ ላቤን የምጠርገው።

አውቶፓይለት ማብራት ይቻላል። ግን 737 ላይ በዚህ ጊዜ ፔዳል አይረግጥላችሁም፤ የእግሩ ሥራ የናንተ ነው።

11. ለታወር ንገሩ።

ሜይዴይ ሦስት ጊዜ፣ ስማችሁ፣ ምን እንደሆነ፣ ምን እንደምትፈልጉ። ይህ ደረጃ ዘግይቶ የመጣው አለምክንያት አይደለም። ታወሩ ራደሩን ሊረግጥላችሁ አይችልም።

12. ቼክሊስቱን አንብቡና ወደ ድሬ ተመለሱ።

አዲስ አበባ አትሂዱ። መንገዱ ተራራ ነው፣ ቦሌም ከድሬ ወደ 3,800 ጫማ ይበልጣል። 737 ነዳጅ በአየር ላይ መድፋት አይችልም፤ በ60 ቶን ግን የማረፊያ ክብደቱ ገደብ (66 ቶን ገደማ) ውስጥ ናችሁ። በፍላፕ 15 እረፉ፣ በሙሉ ፍላፕ አይደለም። ሐሳባችሁን ቀይራችሁ እንደገና ለመነሳት ብትፈልጉ ሙሉ ፍላፕ በአንድ ሞተር አያስወጣም።

ለማረፍ ስሮትል ስትዘጉ የተረገጠውን እግር አብራችሁ ልቀቁ። አለዚያ መሬት ስትነኩ አፍንጫው ወደ ረገጣችሁበት ይዞራል።

ተደጋግመው የሚታዩ ስሕተቶች

በተሳሳተ እግር መርገጥ። ከድንጋጤ ነው። አውሮፕላኑ በአንዴ ይብስበታል። ከባሰ ልቀቁና በሌላው። «ግራ ሞተር ስለሆነ...» እያላችሁ አታስቡ፤ አፍንጫው የሚሸሽበትን ብቻ ተመልክታችሁ ተቃራኒውን።

የጠፋውን ሞተር ዝቅተኛ ከፍታ ላይ ለማስነሳት መሞከር። ይህ የባጃጅ ልማድ ነው። በ200 ጫማ ላይ ቁልፍ አይዞርም።

ቶሎ መዞር። በቪ-2 አካባቢ ከ15 ዲግሪ በላይ አታዘንብሉ። ክንፍ ሲያዘነብል የሚወጣበት ጉልበት ይቀንሳል፣ ያለን ደግሞ ያው 2.4 በመቶ ነው።

ሲሙሌተሩ ላይ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ሃያ ጊዜ መሥራት። በቀን ሦስት ጊዜ ይሻላል። እግር የሚማረው በመደጋገም ነው፣ ሲደክመው ደግሞ ስሕተቱንም ይማረዋል።

የልምምድ ቅደም ተከተል

መጀመሪያ 1,500 ጫማ ላይ፣ ቀጥ ብላችሁ እየበረራችሁ ሞተሩን አጥፉ። እግር ብቻ ተለማመዱ። ሲገባችሁ ወደ 500 ጫማ አውርዱት። ቀጥሎ ቪ-1 ላይ። ከዚያ ጓደኛችሁ ጎኑን ሳይነግራችሁ ይምረጥ፤ አንዳንዴም ምንም አያጥፋ። ምንም ሳይጠፋ ፔዳል የረገጠ ልጅ አይቻለሁ፣ ጥሩ ሳቅን።

መሐል መስመሩን ሳትለቁ አምስት ጊዜ በተከታታይ ከወጣችሁ ወደ 15 አቅጣጫ ዙሩ። እዚያ ነገሩ ሌላ ነው። ፊታችሁ ወደ ደንገጎ የሚወጣው ተራራ አለ፤ በአንድ ሞተር በቀጥታ ልታልፉት አትችሉም። በመነሻ ቻርቱ ላይ የተጻፈውን መዞሪያ ከመነሳታችሁ በፊት አንብቡ፣ ደረጃ 1 ላይ ጮክ ብላችሁ ስትናገሩም ጨምሩት። በዓይን ገምታችሁ አትዙሩ፤ ሙቀቱንም ለመጀመሪያ ጊዜ 25 አድርጉት፣ ወደ 35 የምትመልሱት መዞሩ ከገባችሁ በኋላ ነው።